ከኦንላይን ስልጠና ምን ይቀነስ? ምንስ ይቅር? ስለ መረጃ ብዛት የቀረበ ጥያቄና ምላሾች

ጥያቄ፦ የስልጠና ክፍል ባልደረባ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የግል ባንክ የሰው ኃይል ልማት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ቀድሞ ሠራተኞችን ከየቅርንጫፉ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል እየጠራን እንሰጠው የነበረውን ስልጠና አሁን በአብዛኛው ወደ ኦንላይን አዙረነዋል። የጉዞና የውሎ አበል ወጪው ቀንሷል፤ በክልል ከተሞች ያሉ ባልደረቦችም ተራ እስኪደርሳቸው ሳይጠብቁ ስልጠናውን ማግኘት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ በአዳራሽ ስልጠና ጊዜ ያልነበረ ችግር ገጥሞናል። በአዳራሽ ሲሆን ሰዓቱ ራሱ ገደብ ይጥላል፤ አሠልጣኙ እስከ ምሳ ሰዓት መጨረስ ስላለበት ዋናውን ይዞ ሌላውን ያልፈዋል። ኦንላይን ላይ ግን ቦታ ሞላ የሚባል ነገር ስለሌለ የሕግ፣ የስጋት አስተዳደር፣ የኦፕሬሽንና የማርኬቲንግ መምሪያዎች በየጊዜው «ይህችንም ጨምሩልን» ይሉናል፤ እኛም እንጨምራለን።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ስለ ሂሳብ አከፋፈት የተዘጋጀው ሞጁላችን የአዋጁን ሙሉ ቃል፣ ተዛማጅ መመሪያዎችን፣ የባንኩን የውስጥ ማኑዋል፣ የኮር ባንኪንግ ሲስተሙን (የባንኩ ሂሳቦች የሚመዘገቡበትን ዋና የኮምፒውተር ሥርዓት) ስክሪኖች አንድ በአንድ የሚያሳዩ ስላይዶችን፣ ረጅም ቪዲዮና የማጠቃለያ ፈተና ይዟል። ከዚህ ሌላ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ በየዕለቱ ሰርኩላር (ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚወጣ የውስጥ ማሳወቂያ ደብዳቤ) ይለጠፋል። በተግባር የምናየው ሠራተኛው «ቀጣይ» የሚለውን እየተጫነ ሲጨርስ፣ የፈተናው መልስ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር፣ ሰርተፊኬቱም ሲወጣ ነው። በማግስቱ ያው ሠራተኛ ሞጁሉ ውስጥ በግልጽ የሰፈረውን ነገር ለመጠየቅ ዋናው መሥሪያ ቤት ይደውላል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ስልጠና የሚወጣውና የሚቀረው በምን መለኪያ ይለያል? ደግሞስ አንዳንዶች እንደሚመክሩን ረጅሙን ቪዲዮ ቆራርጦ አጫጭር ማድረጉ ብቻውን ይበቃል? በሠልጣኝነት በኩል ያላችሁም እንዴት እንደምትወጡት ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል።

ምላሽ 1፦ የመማሪያ ይዘት አዘጋጅ

ውድ ጠያቂ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ከተመለሰ ሁለተኛው ብዙም አያስቸግርምና ከእሱ ልነሳ።

ሰው አዲስ ነገር ሲማር በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው መጠን በጣም ውስን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ መጠኑን ወደ 7 ነገሮች ገደማ ገምቶት ነበር፤ ኔልሰን ካወን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ወደ 4 ገደማ አውርዶታል። ይህን በእናንተው ሥራ ላይ ማየት ይቻላል። ደንበኛው በፋይዳ ካርዱ ላይ ያለውን ባለ 16 አሃዝ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ቢያነበው ተቀባዩ መሀል ላይ ይጠፋበታል፤ አራት አራቱን እየነጠለ ቢነግረው ግን ያለ ስህተት ያስገባዋል።

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያዳበረው ንድፈ ሐሳብ የቆመው በዚሁ ውስንነት ላይ ነው። በእሱ አከፋፈል፣ ተማሪው ላይ ከሚያርፈው ጫና አንዱ ከትምህርቱ ከራሱ ውስብስብነት የሚመጣ ሲሆን ሌላው አዘጋጁ በአቀራረቡ የሚፈጥረው ነው። የመጀመሪያውን በቅደም ተከተል ከማቅለል በስተቀር ማጥፋት አይቻልም፤ ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ያለ ነው። በየቦታው የማያቸው ሞጁሎች ውስጥ የስክሪኑ ሥዕል በአንድ ገጽ፣ ማብራሪያው በሌላ ገጽ ስለሚቀመጥ ሠራተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ አንዱን በቃሉ ይዞ ሌላውን ያነባል። ስላይዱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንቀጽ እየታየ ተራኪው ያንኑ በአማርኛ ሲያብራራ ደግሞ ዓይንና ጆሮ በሁለት ቋንቋ ይሻማሉ። ሪቻርድ ሜየር በመልቲሚዲያ ትምህርት ላይ ባደረጋቸው ተደጋጋሚ ሙከራዎች ሥዕልን በድምፅ ማብራራት ጥሩ ውጤት እንደሚሰጥ፣ በዚያው ላይ የሚነገረውን ቃል በጽሑፍ መድገም ግን ብዙውን ጊዜ እንደሚጎዳ አሳይቷል። ከጀርባ የሚከፈተውን ሙዚቃና የሚሽከረከረውን የባንኩን ሎጎ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብዬ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ መለኪያው ልምጣ። እያንዳንዱን የሞጁል ክፍል ይዘው «ሠራተኛው ይህን የሚፈልገው በየትኛው ደቂቃ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ደንበኛው ፊቱ ቆሞ ሳለ ያለ አንዳች ማመሳከሪያ ማወቅ ያለበት ነገር ካለ፣ ስልጠና የሚባለው እሱ ነው። ለምሳሌ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 በአንድ ደንበኛ ላይ የአጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት መቅረቡን ለደንበኛው መንገርን ይከለክላል። ደንበኛው «ገንዘቤ ለምን ዘገየ?» ብሎ ሲጠይቅ ሠራተኛው ምን እንደሚመልስና ምን እንደማይመልስ በቅጽበት ማወቅ አለበት፤ «ቆይ ማኑዋሉን ልይ» ቢል እንኳ ነገሩ ይነቃል። ስለዚህ ይህ በምልልስ መልክ ተዘጋጅቶ ደጋግሞ ሊለማመደው የሚገባ ነው።

በአንጻሩ ለአክሲዮን ማኅበር ሂሳብ ለመክፈት የሚጠየቁ ሰነዶችን ዝርዝር ማንም በቃሉ መያዝ የለበትም። ይህ በማረጋገጫ ቅጽ መልክ ጠረጴዛ ላይ ወይም ሲስተሙ ውስጥ መገኘት ያለበት ነገር ነው፤ ስልጠናው የት እንደሚገኝ ካሳየና አንድ ጊዜ ካስሞላው በቂ ነው። ከዚህ የሚተርፈው፣ ማለትም የአዋጁ ታሪካዊ አመጣጥ፣ የትርጓሜ አንቀጾች፣ የመምሪያዎች መዋቅር፣ ለሕግ ክፍሉ እንጂ ለቅርንጫፍ ሠራተኛ አይደለም። ቅር የሚለው መምሪያ ካለ ይዘቱን በአባሪነት ያስቀምጡለትና በስንት ሰው እንደተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ ያሳዩት።

ደግሞም መነሻ የሚሆን መረጃ በእጅዎ አለ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣውን ጥሪ በርዕስ በርዕስ ያስመዝግቡ፤ ተደጋግሞ የሚጠየቀው ነገር ሞጁሉ መጀመሪያ ምን መያዝ እንዳለበት ከማንኛውም ኮሚቴ በተሻለ ይነግርዎታል።

ምላሽ 2፦ የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር፣ ደሴ

እኔ በሌላ ባንክ የምሠራ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ነኝ። ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም ከእኛ ወንበር ሲታይ ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው።

አንደኛ፣ ስልጠናውን የምንወስድበት ጊዜ አልተመደበልንም። ቀን ሰልፍ አለ፤ ከተዘጋም በኋላ ሂሳብ ማመሳከር አለ። ስለዚህ ኦንላይን ስልጠና ማለት ማታ ቤት ውስጥ፣ በገዛ ስልካችንና በገዛ ፓኬጃችን የሚሠራ ነገር ሆኗል። የማብቂያው ቀን ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ያልጨረሱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል። በዚህ ሁኔታ «ቀጣይ»ን እየተጫነ የሚያልፈውን ሰው በስንፍና ብቻ መውቀስ የሚቻል አይመስለኝም። ይዘቱን ከመቀነስ እኩል በሥራ ሰዓት ውስጥ ቁርጥ ያለ ጊዜ ይሰጠን ብላችሁ ብትከራከሩልን ውለታ ነው።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮ አጠረም ረዘመ ለማመሳከሪያነት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የምፈልጋት አንዲት ዓረፍተ ነገር በቪዲዮው መሀል የት ቦታ እንደተነገረች ፈልጌ አላገኛትም፤ ቃል ጽፌም ልፈልጋት አልችልም። በጽሑፍ የተዘጋጀ ቀላል ፒዲኤፍ ግን ስልኬ ላይ ይቀመጣል፣ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቋረጥም ይከፈታል። ስካን ተደርጎ የተላከ ሰርኩላርም እንደ ቪዲዮው ነው፤ ፎቶ ስለሆነ ውስጡ ፍለጋ አይሠራም።

ሦስተኛውና እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የቱ መመሪያ እንደሚሠራ አለማወቅ ነው። አንድ ሰርኩላር ይወጣል፤ ከዚያ አንዲቷን ተራ ቁጥር የሚያሻሽል ሌላ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን የሚያብራራ ሦስተኛ ይከተላል። ሦስቱም ግሩፑ ውስጥ በሰላምታ፣ በእንኳን አደረሳችሁ መልእክትና በሐዘን መግለጫ መሀል ተበትነው ይገኛሉ። እኔ ደንበኛ ፊት ሆኜ ሦስቱን አገናኝቼ ማንበብ ይጠበቅብኛል። ይህ ሥራ በዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ጊዜ ቢሠራው በመላ አገሪቱ ያሉ ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው አይደክሙበትም ነበር። ማሻሻያ ሲወጣ ማሻሻያውን ብቻ ከመላክ ይልቅ፣ የተሻሻለው ሙሉ ሰነድ ከላዩ ላይ ቀን ተጽፎበት፣ የተለወጠው መስመር በቀለም ተለይቶ ቢላክልን የቀድሞውን ያለ ሥጋት እናጠፋዋለን።

እኛ ቅርንጫፍ በራሳችን ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ሥራ አስኪያጃችን መመሪያና ሰርኩላር ብቻ የሚለጠፍበት፣ ከእሷ በስተቀር ማንም የማይጽፍበት የቴሌግራም ቻናል ከፈተች፤ ጨዋታው በግሩፑ ቀጠለ። እያንዳንዱ ሰነድ ሲለጠፍ በርዕሱ መለያ ይጻፍበታል፤ «ሂሳብ መክፈት»፣ «ኤቲኤም»፣ «የውጭ ምንዛሪ» በሚለው ፈልገን እናገኘዋለን። በተጨማሪም በየመስኮቱ መስታወት ሥር አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ጤፉን ሳያበጥሩ ወደ ወፍጮ ቤት መላክ በቅርንጫፍ ደረጃ ቢያንስ ቀርቷል፤ ከላይ ግን እንደቀጠለ ነው።

ምላሽ 3፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የትምህርት ሥነ ልቦና

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ያህል፣ «ቪዲዮ ከ6 ደቂቃ አይብለጥ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ በ4 ኮርሶች የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ምልከታዎችን ፈትሸው፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪዎች የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አግኝተዋል። ነገር ግን የለኩት ሰው ምን ያህል እንደተመለከተ ነው፤ ምን ያህል እንደተማረ አይደለም። ረጅሙን ንግግር በየ6 ደቂቃው ቢቆርጡት የሚመለከተው ሰው ሊበዛ ይችላል፤ ይዘቱ ግን ያው ስለሆነ የሚያስታውሰው ሰው በዚያው ልክ ይበዛል ብሎ መደምደም አይቻልም። መቆራረጥ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ክፍል በራሱ አንድ ሐሳብ ሲጨርስና ሠልጣኙ ወደሚቀጥለው ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲጠየቅ ነው።

ምን ያድርግ ለሚለው፣ በመስኩ ውስጥ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ጉዳዮች አንዱን ልጥቀስ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በ4 ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው በአንድ ክፍለ ጊዜ አንብቦ በቀሩት 3 የሚያስታውሰውን ያለ ጽሑፉ እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ከአእምሯቸው ለማውጣት የታገሉት 61 ከመቶውን አስታወሱ። ይህ ለእርስዎ ጉዳይ ሁለት ነገር ይነግራል። ስልጠናው ባለቀ ቅጽበት የሚሰጥ ፈተና ሰውን የሚያታልል ውጤት ያሳያል፤ ሠልጣኙም ሆነ አሠልጣኙ ነገሩ የታወቀ ይመስላቸዋል። ፈተና መመዘኛ ብቻ ሳይሆን ራሱ የማስተማሪያ ዘዴ ስለሆነ ደግሞ፣ ከመጨረሻው አንድ ትልቅ ፈተና ይልቅ በሳምንቱ፣ ከዚያም በወሩ የሚላኩ ሦስት ሦስት ጥያቄዎች የበለጠ ያስገኛሉ። ጥያቄዎቹን የሚልክ የቴሌግራም ቦት ማዘጋጀት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

በመጀመሪያው ምላሽ ላይ አንድ ማስተካከያ ብጨምር ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ። የሚቀረውን ይዘት ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት አድርጎ መወሰን አይቻልም። ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ እያንዳንዱን እርምጃ በተሠራ ምሳሌ ማሳየት ያግዘዋል፤ ያው ዝርዝር ለዐሥር ዓመት በመስኮት ላይ ለሠራች ባልደረባ ግን የምታውቀውን ከማታውቀው ስታመሳክር ጊዜዋን የሚበላ ተጨማሪ ጫና ይሆንባታል። ስዌለርና ባልደረቦቹ ይህን ተቃራኒ ውጤት በብዙ ሙከራዎች አረጋግጠውታል። ስለዚህ ፈተናውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያምጡት፤ ያወቀውን ሰው በቀጥታ ወደ አዲሱ ለውጥ ያሳልፉት።

ምላሽ 4፦ ራሱን በኦንላይን የሚያስተምር፣ ሐዋሳ

እኔ የባንክ ሠራተኛ ስላልሆንሁ በሠልጣኝነት በኩል ለተጠየቀው ብቻ እመልሳለሁ። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ባስጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ኮርሶቹን በነፃ እየወሰድሁ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና አንድሮይድ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር ያምረዋል፤ አብረውኝ ከሚማሩት ብዙዎቹም እንደዚያ አድርገው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። የአንዱ ኮርስ ሐሳብ ገና ሳይጠነክር የሌላው ሲደረብበት ሁለቱም ይምታታሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ኮርስ ብቻ መያዝ ለእኔ ሠርቶልኛል።

ሌላው በሽታ ማከማቸት ነው። ቴሌግራም ላይ መጻሕፍትና የቪዲዮ ኮርሶች የሚያጋሩ ቻናሎች እንደ አሸን ፈልተዋል፤ ፋይሉን ሲያወርዱት የተማሩት ይመስላል። ስልኬ እስኪሞላ ካጠራቀምሁ በኋላ አሁን የምከተለው ደንብ የዛሬውን ሥራ ለመሥራት የማያስፈልገኝን ፋይል አለማውረድ ነው፤ ነገ ካስፈለገኝ ያኔም እዚያው ይገኛል። ማስታወሻ የምጽፈውም ቪዲዮው እየተጫወተ ሳይሆን ካለቀ በኋላ፣ ስክሪኑን ዘግቼ፣ በደብተር ነው። መምህሩ ከላይ የጠቀሱት ጥናት ይህ ለምን እንደሚጠቅም ሲያስረዳ ደስ ብሎኛል፤ እኔ የምሠራው የዳታ ፓኬጅ ለመቆጠብ ብዬ ነበር።

ጠያቂው በድጋሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ስለ ሰርኩላሮቹ የተነሳው ነጥብ በቀጥታ እኛን የሚመለከት ነው። አንድ እንቅፋት ግን ይቀረኛል። ሕግና መመሪያ መከበሩን የሚከታተለው የኮምፕላያንስ መምሪያ ከሞጁሉ ይዘት እንዲቀነስ አይፈቅድም። የሚያቀርበው ምክንያት «ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሠራተኞቻችሁ ይህን አንቀጽ ሠልጥነዋል ወይ? ቢለን ማስረጃችን ሞጁሉ ነው፤ ከሞጁሉ ከወጣ አልሠለጠኑም ማለት ነው» የሚል ነው። ይህን ሥጋት በቀላሉ ማጣጣል አልቻልሁም። ምን ብዬ ላሳምናቸው?

ምላሽ 5፦ የውስጥ ኦዲተር

ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎችን አንድ አድርገው ይዘዋል። ሠራተኛው ሰነዱ እንደደረሰውና የመከተል ግዴታ እንዳለበት ማረጋገጡ አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን በሰነዱ መሠረት መሥራት መቻሉ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስልጠና አያስፈልገውም። የመመሪያው ሙሉ ቃል በሠራተኛው አካውንት ተልኮለት፣ እንደደረሰው በፊርማ ወይም በሲስተሙ ላይ አረጋግጦ፣ ቀኑና የሰነዱ ዕትም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ኮምፕላያንስ የሚፈልገው ሙሉ ይዘት አንድም መስመር ሳይጎድል እዚያ አለ። ሞጁሉ ከዚህ ሸክም ነፃ ሲሆን የሁለተኛውን ማስረጃ ማቅረቢያ ይሆናል።

እኔ ቅርንጫፍ ስመረምር የሠራተኞችን ሰርተፊኬት አይቼ አልረካም። ከተከፈቱ ሂሳቦች ናሙና አውጥቼ የደንበኛው መለያ በትክክል መመዝገቡን፣ የገቢ ምንጩ መጠየቁን፣ ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ደንበኛ የበላይ ኃላፊ ፈቃድ ማግኘቱን አያለሁ፤ ከዚያ ፋይሉን የሠራውን ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገ እጠይቀዋለሁ። ሁሉም ሙሉ ነጥብ ያገኙበት፣ ሁሉም በተመሳሳይ ጥቂት ደቂቃዎች የጨረሱት የፈተና መዝገብ ከቀረበልኝ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የኮምፕላያንስ ኃላፊውን ሲያነጋግሩ ይህን ያንሱላቸው፤ እንዲህ ያለውን መዝገብ እንደ መከላከያ ማቅረብ እሳቸውንም ያጋልጣል።

ለመጀመር አንድ ሞጁል ብቻ ይምረጡ፤ የሂሳብ መክፈቻው ጥሩ ነው። ሦስት ወይም አራት ቅርንጫፎች በአዲሱ አጭር ሞጁልና በጠረጴዛ ማረጋገጫ ቅጽ ይሥሩ፤ ሌሎቹ በነባሩ ይቀጥሉ። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ከሁለቱም ወገን እኩል ብዛት ያላቸውን የሂሳብ ፋይሎች አውጥተን ጉድለታቸውን እንቁጠር። ናሙናውን የሚመርጠው የእርስዎ ክፍል ሳይሆን ኦዲት ይሁን፤ ኮምፕላያንስም የጉድለት መመዘኛውን አስቀድሞ ይፈርምበት።